ጠበቅ

«ሞቱማ ትናንትም እግሯን እንደታሰረች በቅሎ እየተራመደ ገባ» አለች ገለቴ። ከትምህርት ቤት ወደ ሰበታ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ይዘዋል። «ጨው በውኃ በጥብጦ ጓዳ ይገባል። ምን ሆነህ ነው ስለው ‹አርፈሽ ተቀመጭ› ይለኛል።»

አያንቱ ደክሟታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክፍል ወጥታ የምትሄደው ወደ አባቷ ስፌት ቤት ነበር፤ የመቀሱ ቀለበት አውራ ጣቷን ልጦታል።

«አቶ ጥሩሰው ደግሞ ሰንፏል ብለው ከጭፈራ ቡድኑ ሊያስወጡት ነው። ለዘውድ በዓል አዲስ አበባ የሚሄዱትን ነገ ይለያሉ። በፋብሪካው እንደ ወንድሜ የሚዘል አለ እንዴ?»

«ያን... እኛ የሰፋነውን ነው የሚለብሰው?»

«የቱን?»

«ከውስጥ የሚለበሰውን።»

ገለቴ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! የወንድሜን ሙታንታ ጠባቂ አደረግሽኝ?»

አያንቱ አልሳቀችም።

ነገሩ የመጣው ከአምናው በዓል ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች የጭፈራ ቡድን በእንግዶች ፊት ሲዘል የአንዱ ጨፋሪ ላስቲክ ተበጠሰ። ሰውየው ሙታንታውን በሁለት እጁ ይዞ ከሜዳው ሲወጣ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ስለዚህ ዘንድሮ የቡድኑ ኃላፊ አቶ ጥሩሰው በመስከረም ወደ ስፌት ቤቱ መጥተው ለአሥሩም ጨፋሪዎች አንድ ዓይነት ሙታንታ አዘዙ። አባቷ ኦቦ ዳዲ ፊደል አልቆጠሩም፤ ትእዛዝ በቁራጭ ወረቀት የምትጽፈው አያንቱ ናት። በዚያው ቀን አባቷ፣ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ፣ ትልቁን መቀስ በእጇ አስቀመጡላት። «ከእንግዲህ ቆራጯ አንቺ ነሽ፣ ኢንታላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው መቀስ ነበር።

ስፌት ቤቱ ስትደርስ አባቷ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ይታገላሉ። ተቀብላ አስገባችላቸው።

«አባ፣ አቶ ጥሩሰው ያኔ ስለ ሙታንታው ምን ነበር ያሉት?»

«ሲዘሉ የሚይዝ፣ ጠበቅ ያለ ይሁን ነው ያሉት።»

አያንቱ ምስማሩ ላይ የተሰካውን ወረቀት አየች። የራሷ ጽሕፈት ነው። «ሙታንታ አሥር፤ ጠበብ ያለ።» በዚህ ወረቀት ተመርታ ከየአንዳንዱ ልክ ሁለት ሁለት ጣት ቀንሳ ነበር የቆረጠችው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ ሁለቱ የአማርኛ ቃላት ለጆሮዋ አንድ ነበሩ።

«ጠበቅና ጠበብ ያው አይደለም?»

ኦቦ ዳዲ እጇን አንጓው ላይ ያዙ። ጥብቅ አድርገው ያዟት፣ ግን አላመማትም። «ይኼ ጠበቅ ነው። ጠበብ ደግሞ የአምናው ጫማሽ።» ለቀቋትና ወደ ስፌት መኪናው ዞሩ። «ምነው ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

የአምናውን ጫማ ታስታውሳለች። ተረከዟ ደምቶ እንኳ አልተናገረችም፤ አባቷ ሌላ እንዳይገዙ ፈርታ። ወረቀቱን ከምስማሩ ነቅላ አጠፈችው። የካውያው ክዳን ተከፍቷል፣ ከሰሉ ቀልቷል። እዚያ ብትጥለው ያለቀለት ነገር ነው፤ ከእሷ ሌላ ያነበበው ሰው የለም። ሞቱማም ቢሆን እንዲህ ያለ ቦታ አመመኝ ብሎ ለማንም አይናገርም። መቀሱም በእጇ ይቆያል። ክዳኑን ዘጋችና ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ያን ቀን ምንም አልቆረጠችም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አቶ ጥሩሰው ከሁለት ጨፋሪዎች ጋር ከሙታንታው በኋላ ያዘዟቸውን የጭፈራ ቁምጣዎች ሊወስዱ መጡ። አንዱ ጨፋሪ፣ ኩምሳ፣ ገብቶ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ሞቱማ እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ በር ላይ ቆመ፤ ወንበር ቢያቀርቡለትም እምቢ አለ።

«አከም ኦልተን፣ ኦቦ ዳዲ። እንዴት ዋላችሁ?» አሉ አቶ ጥሩሰው። «ዘጠኝ ቁምጣ ይበቃናል። አንዱ ዘንድሮ መዝለል ረስቷል።»

ሞቱማ መሬት መሬት ያያል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ እንደተቀጣ ልጅ ቆሟል።

አያንቱ ደብተሯን ገለጠች።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አቶ ጥሩሰው። እርስዎ ጠበቅ ያለ ብለው ነበር። እኔ ጠበብ ብዬ ጽፌ አጥብቤ ቆረጥኩት። ሙታንታው ጭን ይልጣል። አያዘልልም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አቶ ጥሩሰው አንብበው ወደ ሞቱማ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ሞቱማ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

«እኔም እኮ» አለ ኩምሳ ቀስ ብሎ፣ «የፋብሪካው ምሳ አወፈረኝ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ እራቴን ትቻለሁ።»

ሞቱማ ሳቀ፤ ሲስቅም አንድ እጁ ጭኑን ያዘ። አቶ ጥሩሰው አልሳቁም። «በዓሉ ሊደርስ ስምንት ቀን ነው የቀረው» አሉ ለኦቦ ዳዲ።

ኦቦ ዳዲ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ መቀሱን ከፊቷ አንስተው በራሳቸው በኩል አስቀመጡት። አያንቱ የጠበቀችው ነው፤ ቢሆንም የተላጠ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ሸፈነች።

«ቆመው ሳሉ መለካቴም የእኔ ጥፋት ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ሜትሩን ከአንገታቸው እያወረዱ። «ሰው ቆሞ አይጨፍርም። በእግሮቹ መሐል ቁራጭ አቡጀዲ ይግባበታል፣ ላስቲኩም ሰፋ ይላል። ና ሞቱማ፣ ወደ ጓዳ ግባና ቁጢጥ በል። አያንቱ፣ ቁጥሩን እየጠራሁ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ጻፊ።»

አያንቱ አዲስ ወረቀት ቀደደች። ከቁጥሩ በፊት «ጠበቅ ያለ» ብላ ጻፈች፤ ለአቶ ጥሩሰውም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። አዎ አሏት።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ኩምሳ ጓዳ ውስጥ አውልቆ የተወውን ሙታንታ አነሳች። ምላጩን ያዘች። ሌሎቹ ዘጠኙ ደግሞ ሰኞ ይመጣሉ። በጣም ደክሟታል። የመጀመሪያውን ስፌት ፈልጋ አገኘችና መተርተር ጀመረች።