የልብስ ሰፊው ቀኝ እግር

አስቀድሞ የተሰማው ድምፅ ነበር። ቀጭ። ከዚያ ዝም ይላል፤ ከመንገዱ ማዶ የበርበሬው ወፍጮ ያጓራል፤ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» እያሉ ያልፋሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ከተደረደሩት ጆንያዎች ጀርባ ደግሞ ቀጭ። በዚያ ሰሞን በመርካቶው በርበሬ በረንዳ በኩል ማለዳ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ሰምቷል፤ ምንነቱን ያወቀ ግን እምብዛም አልነበረም፤ አንዱ የሚዛን ነው ሲል ሌላው የበር ቁልፍ ይመስለው ነበር።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የኅዳር ወር መግቢያ ነበር። ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ቀረበ ተብሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ የከተማው ነዋሪ ያለውን መሣሪያ እንዲያስመዘግብ፣ ሰፈሩንም ተደራጅቶ እንዲጠብቅ ተነግሮታል። መርካቶ ጠዋት ያመነውን ወሬ ከሰዓት በኋላ የሚክድ ገበያ ሆኖ ነበር፤ ሱቁን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ለምን እንደሆነ በውል አያውቅም፤ ዕቃ የሚያከማቸውና ዕቃ የሚያራግፈው ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሌላውን ምን ሰምቶ ይሆን እያለ በጎሪጥ ያየዋል።

ከጆንያዎቹ ጀርባ ቆሞ የባዶ ሽጉጥ ቃታ የሚስበው ሰው አስናቀው ይባላል፤ በሸማ ተራ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፋ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ንግግሩ አጭር፣ ስፌቱ ግን በተራው ሁሉ የተመሰከረለት። በእጁ የያዘው ማካሮቭ ሽጉጥ የአባቱ ነበር። አባቱ የተራው ዘብ ሆነው ያረጁ ሰው ነበሩ፤ ጭድ ተራ አጠገብ የነበረው ቤታቸው በእሳት ሲጋይ ፎቶግራፋቸውም፣ ካፖርታቸውም፣ የሠርግ ጋቢያቸውም አብሮ ነደደ፤ ተረኛ ስለነበሩ ከወገባቸው ያልወረደው ሽጉጥ ብቻ ተረፈ። ባረፉ ጊዜ ፈቃዱ ወደ ልጃቸው ተዛወረ። አስናቀው አባቴ የነኩትን ነገር ላንሳ ቢል ከዚህ በቀር የሚያነሣው የለውም።

ታዲያ የሸማ ተራ ነጋዴዎች ያቋቋሙት የጥበቃ ኮሚቴ አንድ ውሳኔ ወሰነ፤ በተራው የሚገኝ ሽጉጥ ሁሉ መተኮስ በሚችል ሰው እጅ ይሁን፤ ባለቤቱ በዐሥራ አምስት እርምጃ ርቀት አምስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱን ወረቀቱ ላይ ካላሳረፈ መሣሪያው ለሚችል ይሰጥ። ውሳኔው ከየትኛው ሕግ እንደተቀዳ የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ጮክ ተብሎ የተነገረ ነገር ሁሉ ሕግ ይመስል ነበር። የሚችለው ሰው ማን እንደሆነም የተሰወረ አይደለም፤ የነጠላ አከፋፋዩ ማሙሸት፣ አንድ ወር የሚሊሺያ ሥልጠና ወስዶ ስድስት ዓመት ሲያወራው የኖረ ሰው ነው። ውሳኔው በተነበበ ማግስት በአስናቀው ደጃፍ ቆሞ፣ «አንተ መርፌህን ያዝ ወንድሜ፣ ብረቱን ለእኛ ተወው» አለው፤ ተራው ሳቀ፤ አስናቀውም ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ ሃምሳ አለቃ ጤናዬ ሄደ። ሃምሳ አለቃ ጤናዬ በፖሊስ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ምልምል ተኩስ ያስተማሩ ሴት ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በበርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ ይሸጣሉ። ቀሚስ ሰፍቶላቸው ያውቃል። ነገሩን ነግሮ አስተምሩኝ ሲላቸው ሽጉጡን ተቀበሉ፤ የጥይቱን ካርታ አወጡ፤ የላይኛውን ብረት ጎተት አድርገው ውስጡን በዓይናቸው አዩ፣ በጣታቸውም ዳሰሱ፤ ከዚያ ካርታውን ከሩቅ መደርደሪያ ላይ አኖሩና በግድግዳው ላይ በከሰል አንዲት ነጥብ አደረጉ።

ትምህርታቸው ይህ ነበር። አንዲት የደረቀች ዛላ ከሽጉጡ ጀርባ ላይ ያጋድማሉ፤ ዛላዋ ሳትወድቅ ቃታው ተስቦ ማለቅ አለበት። በመቶ ጊዜ መቶ። የግድግዳውን ነጥብ አትይ፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ያለችውን ማነጣጠሪያ እይ ይሉታል፤ ነጥቡ ቢደበዝዝም ይደብዝዝ። ብዙ ምልምል ይህን ለመልመድ ወር ይፈጅበት ነበር፤ አስናቀው ግን በመጀመሪያው ቀን ገባው፤ ዕድሜውን ሙሉ የመርፌ ቀዳዳ ሲያይ የኖረ ዓይን ነውና። ትንፋሹም የሰከነ ነው፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። ሃምሳ አለቃ ለጎረቤታቸው ለቅመም ነጋዴዋ ለኢክላስ፣ እንዲህ ያለ እጅ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንኳ አላየሁም አሉ።

ዛላዋ ግን ትወድቃለች። ቀጭ ሲል ወደ ፊት ዘንበል ትልና ትወድቃለች።

ከከተማው ዳር ወዳለው የተኩስ ሜዳ ወስደው አምስት ጥይት ባስተኮሱት ጊዜም አምስቱም ከወረቀቱ ሥር አፈሩን ቆፈሩ። ሃምሳ አለቃ ተደናገሩ። ጣቱን አዩ፣ ልክ ነው፤ አንጓውን ያዙ፣ ልክ ነው፤ ትከሻውን በመዳፋቸው ተጭነው አስተኮሱት፣ ልክ ነው፤ ሁሉም ልክ ሆኖ ውጤቱ ስሕተት ነው። አስናቀውም ከእሳቸው ይልቅ ግራ ተጋባ፤ ቀሚስ ቢሆን ፈትቶ ያየው ነበር፤ የራሱን ገላ ግን ከየት ጀምሮ እንደሚፈታው አላወቀም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ኢክላስ ልትጠርግ መጥረጊያ ይዛ ገባችና ወለሉ ላይ ዓይኗ ቀረ። የበርበሬው ብናኝ በወለሉ ሁሉ እንደ ቀይ ዱቄት ተነጥፏል፤ የአስናቀው ግራ ጫማ አንድ ጥርት ያለ አሻራ ትቷል፤ በቀኙ ሥር ግን ብናኙ ተፍቆ ሲሚንቶው ወጥቷል።

«አስናቀው ወንድሜ፣» አለች፤ «የስፌት መኪናህን ይዘኸው ነው እንዴ የምትመጣው?»

ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው፣ «እስቲ ሳብ» አሉት። ሳበ። ጣቱ ቃታውን ሲጫን ቀኝ እግሩም አብሮ መሬቱን ተጫነ፤ እንደ ፔዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ እጁ ሥራ በጀመረ ቁጥር እግሩ ሲረግጥ ኖሯል፤ እግሩ ሲረግጥ ገላው ሁሉ የአንዲት ፀጉር ያህል ወደ ፊት ይወርዳል፤ አፈሙዙም ይወርዳል። ሃምሳ አለቃ ቀና አሉ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የተማሪን እግር አይተው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ እግሩን መግደል ሆነ። ጫማውን አስወለቁት፤ በጣቶቹ ላይ የሚጥሚጣ ከረጢት አስቀመጡበት፤ ይባስ ብለው እስከ ፈተናው ድረስ በቀኝ እግሩ እንዳይሰፋ ከለከሉት። ወቅቱ ለገና ልብስ የሚታዘዝበት ነው፤ አስናቀው በግራ እግሩ እየረገጠ የሰፋው ጥለት እንደ ጉንዳን መንገድ ጠመመ፤ ደንበኞቹ እያገላበጡ አዩት፤ አንዲት እናት፣ ሰውየው አግብቶ ነው ወይስ ታሞ ብላ ጎረቤቱን ጠየቀች። ዛላዋ ግን መውደቅ ተወች፤ ያን ሲያዩ ደስ አላቸው። ደስታቸው የቆየው ሜዳው ላይ እስኪወጡ ነው፤ እግሩን ልጠብቅ ሲል እጁ የማያውቀውን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንዱ ጥይት ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ሰማይ ሄደ፤ አንዲት ብቻ ወረቀቱን ነካች። ሲመለሱ በታክሲው ውስጥ፣ መጀመሪያ ይሻል ነበር መሰለኝ ብሎ አጉረመረመ። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «እግርህን እርሳው፣» አሉት፤ «ሌላ የምነግርህ የለኝም።»

የፈተናው ቀን በታኅሣሥ አጋማሽ ደረሰ። ወሬው በዚያን ጊዜ ተገልብጦ ነበር፤ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ተመልሷል ተባለ፤ ከኮሚቴው አባላት ግማሾቹ፣ ከእንግዲህ ፈተናው ለምን ይሆናል አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ወሬው ነገ ቢመለስስ አሉ። ሊቀመንበሩ ሐጂ ኑሪ ሁለቱንም ወገን ካዳመጡ በኋላ፣ እኔም አልገባኝም፤ ግን የተጀመረ ነገር ይለቅ ብለው ሁሉንም ወደ ሜዳው አስጫኑ። ማሙሸት በወገቡ ላይ ባዶ የሽጉጥ አፎት ታጥቆ መጣ።

አስናቀው ከመሥመሩ ቆመ። እግሩን እንደ ግንድ አደረቀና ተኮሰ፤ አፈር ተነሣ። ደግሞ ተኮሰ፤ ጥይቷ ከወረቀቱ በላይ አለፈች። ሦስት ጥይት ቀሩት፤ አንዲቱ እንኳ ከሳተች የአባቱ ሽጉጥ በዚያች አፎት ውስጥ ይገባል። ማሙሸት ጉሮሮውን ጠረገ። አስናቀው እጁን ዝቅ አድርጎ መሬት መሬቱን አየ፤ እግሩን ለመርሳት ሞከረ፤ አልተቻለውም፤ እንዲያውም ከገላው ሁሉ የሚያውቀው ያን እግር ብቻ ሆነ።

በዚህ ጊዜ በስስ ጥለት ላይ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ሊያቆም ሲል የሚያደርገውን አደረገ፤ ቀኝ እግሩን እስከ መጨረሻው ረገጠና እዚያው ያዘው። አስቀድሞ የወረደ እግር ዳግመኛ የሚወርድበት የለውም። ገላው ረጋ። ማነጣጠሪያዋን እንደ መርፌ ቀዳዳ አያት፤ ሳበ። ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ። እግሩን ሳያነሣ ደግሞ ሳበ፤ ደግሞም ሳበ።

ሐጂ ኑሪ ወደ ወረቀቱ ሄደው ቀዳዳዎቹን በእርሳስ እየከበቡ፣ «ሦስት ነው፣ ሦስት ነው» አሉ። ማሙሸት አፎቱን ፈታና በአስናቀው ትከሻ ላይ አንጠለጠለው፤ «በጫማው ነው እኮ የሚተኩሰው» አለ፤ የሳቁት ሰዎች በማን ላይ እንደሳቁ አልታወቀም።

ስለዚያ ዓመት የሚጽፉ ሰዎች የሚጽፉት ሞልቷል፤ አዋጁ አለ፣ ግንባሩ አለ፣ ቁጥራቸው ገና ያልተስማማ ሙታን አሉ። የሸማ ተራ ኮሚቴ መዝገብም ከቀለብና ከተራ አጠባበቅ መካከል አንድ መሥመር ይዟል፤ «አስናቀው፣ ልብስ ሰፊ፣ ከአምስት ሦስት፤ ሽጉጡ በባለቤቱ እጅ ይቆይ» ይላል። ሽጉጡ ከዚያ ወዲህ አልተተኮሰም፤ የኮሚቴው ጥበቃም በጥር ወር ተበተነ። ማን እንዳስተማረው፣ የተማረውንም ገልብጦ እንደተኮሰ የሚናገር መሥመር ግን የለም፤ ታሪክ የመታውን ይቆጥራል እንጂ በምን እግር ቆሞ እንደመታ አይጠይቅም።

በዚያን ዕለት ሰው ሁሉ ወረቀቱን ከብቦ ሳለ ሃምሳ አለቃ ጤናዬ ወደ መሥመሩ ሄዱ። የአስናቀው ቀኝ ጫማ አፈሩን አሰርጉዶ የተወው ጉድጓድ እዚያው ነበር፤ ጎንበስ ብለው ጥልቀቱን በጣታቸው ለኩት።

«ሃምሳ አለቃ፣» አለ አስናቀው ከኋላቸው መጥቶ፤ «አጠፋሁ እንዴ?»

ቀና ብለው፣ «ሃያ ሁለት ዓመት እግር ሳላይ ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አሉት። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ሐጂ ኑሪ ከመኪናው በር ሆነው፣ ይሳፈሩ እንጂ እያሉ ሲጠሯቸው በመኪናው አጠገብ አልፈው፣ የአቧራውን መንገድ ይዘው ብቻቸውን በእግራቸው ሄዱ።