አንገት ያለው ፍላሽ

«ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ» አለ ሰሚር፣ የካሜራ ፍላሹን ወደ ኢክላስ ፊት አዙሮ።

ብልጭ አለ። ኢክላስ ለአፍታ ምንም አልታያትም። ከዚያ ዓይኗ ውስጥ ከሚንሳፈፉት አረንጓዴ ነጠብጣቦች ጀርባ የስልክ ሽፋኖቹ፣ የቻርጀር ገመዶቹና የሰሚር ሳቅ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሱቁ መርካቶ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይገበያያል። የሰሚር እህት ማሂራ ጥግ ላይ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ማሂራና ኢክላስ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ኢክላስ ወደዚህ ሱቅ የመጣችውም በእሷ ምክንያት ነው።

«አየሽ? ፍላሽ ማለት ይሄ ነው!»

መስታወቱ ላይ ሦስት ፍላሾች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ትንሽ፣ ርካሽና አንገት የሌለው ነው፤ ካሜራው ላይ ከተሰካ ፊት ለፊት ብቻ ያበራል። ኢክላስ ጠባዩን ታውቀዋለች። ያለፈው ዒድ ላይ እንዲህ ያለውን ተውሳ ዘመዶቿን ስታነሳ ሁሉም ገርጥተው፣ ግንባራቸው አብረቅርቆ፣ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ተገትሮ ወጡ። እናቷ ፎቶውን አይታ «ሆስፒታል ነው እንዴ ያነሳሽን?» ብላታለች። ሁለተኛው ያገለገለ ነው። አንገቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይዞራል፤ ብርሃኑን ግን አንሺዋ ራሷ በግምት ማስተካከል አለባት፣ ማጠፊያውም ላልቷል። ሦስተኛው አዲስ ነው። አንገቱ ይዞራል፣ ብርሃኑን ራሱ ይለካል፣ አንዴ አብርቶ ለሚቀጥለው ወዲያው ይዘጋጃል። የኢክላስ ዓይን ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ የያዘችው ብር ግን የሚበቃው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ኢክላስ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አክስቷ ከጅዳ ስትመለስ ባመጣችላት ያገለገለ ካሜራ ፎቶ ማንሳት ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ሆኖም እሑድ የመጀመሪያ ሥራዋ ይጠብቃታል፤ የግቢያቸው ልጅ ሱሀይር ልታገባ ነው። በእነሱ ደንብ የሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ወንድ አይገባም። ሴቶቹም የሚገቡት ስልካቸውን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጠው ነው። ከዚያ በኋላ ሻርፕ ይወልቃል፣ ፀጉር ይፈታል፣ ይጨፈራል። ካሜራ ይዛ የምትገባው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሲያልቅም የካሜራውን ሚሞሪ አውጥታ ለሙሽራዋ በእጇ ታስረክባለች። ሱሀይር ይህን አደራ የሰጠችው ለኢክላስ ነው፤ ለፍላሽ መግዣ ብላም ቀብድ አስጨብጣታለች።

«ሦስተኛውን በመጀመሪያው ዋጋ ውሰጂው» አለ ሰሚር።

«እየቀለድክ ነው?»

«የእህቴ ጓደኛ አይደለሽ? ወላሂ ውሰጂው። አንድ ነገር ብቻ፤ ሰርጉ ሲያልቅ ሚሞሪውን ለአንድ ሰዓት ወደኔ ታመጪዋለሽ። አልበሙን አሳምሬ አሳትምላችኋለሁ። ለሱቁም ሥራ ነው።»

«የሴቶቹን ድንኳን ነው እኮ የማነሳው።»

ሰሚር ወደ እህቱ ዞረ። ማሂራ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሱሀይር ታውቃለች» አለች። «ነግሬያታለሁ። ችግር የለውም ብላለች።»

ኢክላስ ፍላሹን አንስታ አንገቱን አዟዟረችው። ቅባት የጠጣ ይመስል ድምፅ እንኳ አያሰማም። ለሱሀይር ደውላ መጠየቅ ነበረባት፤ ግን እስክትደውል ሰሚር ሐሳቡን ቢቀይርስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ኢክላስ ግን በዚያች ሰዓት ተረት የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። ብሩን ከፍላ ወጣች።

ሱሀይርን ቤት ውስጥ የሰርግ ልብሷን ጫፍ ስትሰፋ አገኘቻት።

«አሳዪኝ፣ አሳዪኝ!» አለች ሱሀይር ልብሱን አስቀምጣ።

ኢክላስ የፍላሹን አንገት ወደ ኮርኒሱ አዙራ አንድ ፎቶ አነሳቻት። ብርሃኑ ከነጩ ኮርኒስ ነጥሮ በለስላሳው ወረደ። ሁለቱም ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ትንሿን ስክሪን አዩ። ሱሀይር ፎቶው ላይ ራሷን መስላለች፤ እንዲያውም ትንሽ ታምራለች።

«ማሻአላህ! ከየት ገዛሽው?»

«ከሰሚር፣ ከማሂራ ወንድም። አልበሙንም እሱ ነው የሚያሳትመው። ማሂራ ነግራሽ የለ?»

የሱሀይር ፊት ተለወጠ። ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ማሂራን ካየኋት ወር አልፎኛል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኢኩ፣ ሰሚር ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። አባቴ እምቢ አለ፣ እኔም አልፈለግኩትም። ከዚያ ወዲህ ቁጥር እየቀያየረ ይደውልልኛል። ፎቶሽን ቴሌግራም ላይ ለቅቄ ሰርግሽን አፈርሰዋለሁ ይለኛል። እስከ ዛሬ ያልለቀቀው ሳልሸፋፈን የተነሳሁት ፎቶ ስለሌለው ብቻ ነው።»

«ለወንድሞችሽ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ከሰሙማ ደም ነው የሚፈሰው! አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይታሰራል። ለማንም እንዳትናገሪ። ሰርጉ ብቻ ይለፍልኝ።» ፍላሹን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው። «መልሺለት። በጨለማ ብታነሺኝ ይሻለኛል።»

ኢክላስ አፈረች፤ ፈራችም። ሳትጠይቅ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ሚሞሪውን በገዛ እጇ ወስዳ ለሰሚር ልትሰጠው ነበር። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን የማሂራ ነገር ነው። ዓይኗን በጨው አጥባ የዋሸችው የልብ ጓደኛዋን ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ ሰሚር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በአገጩ እያሳየ።

ኢክላስ አልተከራከረችም፤ አልወጣችምም። በሩ መሀል ላይ ቆመች። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ እሷ ካልተነቃነቀች ማንም መግባት አይችልም። ከኋላዋ ሁለት ገዢዎች ቆሙ። አንዲት ሴትዮ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ብላ ስትጠይቃት ሰሚር ተቁነጠነጠ። አዲሱን ፍላሽ ነጥቆ በምትኩ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ የከረመውን፣ ማጠፊያው የላላውን አሮጌ ገፋላት።

«ይኸው! በዚያው ዋጋ። አሁን ላሽ በይ!»

ማሂራ ከሱቁ ተከትላት ወጥታ ደረጃው ላይ ደረሰችባት። ተሸካሚዎች ጆንያ ተሸክመው «ዞር በሉ! እንዳትገጩ!» እያሉ ይወርዳሉ። ሁለቱ ልጆች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆሙ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«አታካብጂ ኢኩ። ፎቶ ነው እኮ።»

«ያንቺ ፎቶ ቢሆንስ?»

ማሂራ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎትታ መሬት መሬቱን አየች። ቀኑ ሹራብ የሚያስለብስ አልነበረም፤ ኢክላስ ግን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። ጥላት ወረደች። የቀረውን ሳምንት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

አሮጌው ፍላሽ ሌላ ፈተና ሆነባት። አንገቱ እየወደቀ ስላስቸገረ በላስቲክ አሰረችው። አራት ባትሪ ድንጋይ ጎርሶ፣ አንዴ ካበራ በኋላ ቀጭን ፊሽካ እያፏጨ ይሞላል፤ ጀርባው ላይ ያለችው ቀይ መብራት እስክትበራ መጠበቅ ግድ ነው። በራሱ የሚለካው ነገር የለም። ኢክላስ ከትምህርት ቤት መልስ እናቷን ዕቃ ስታጥብ፣ ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ እያነሳች የብርሃኑን መጠን በዓይኗ ለመደችው። ሐሙስ ላይ እናቷ «አሁንስ ሰው መሰልኩ» አለቻት።

እሑድ ከሰዓት ውጭው ፀሐይ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን ዙሪያው ሁሉ ስለተጋረደ ጨልሟል። ድቤው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ኢክላስ እንደለመደችው የፍላሹን አንገት ወደ ላይ አዙራ የመጀመሪያውን ፎቶ አነሳች። ስክሪኑን ስታይ ክው አለች። እቤቷ ያለው ኮርኒስ ነጭ ነው፤ ይሄ ሸራ ግን አረንጓዴ ነው። ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ወርዶ ሙሽራዋን ከነሚዜዎቿ ጎመን አስመስሏቸዋል።

«ውይ፣ የወባ በሽተኛ አደረግሽን እኮ!» አሉ ፎቶውን ያዩት እትዬ ጀሚላ። የሱሀይር አክስት ናቸው፤ በር ላይ የስልኩን ቅርጫት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ ሳቁ።

ኢክላስ እንባዋ መጣ። ፊት ለፊት ብታበራው ያው እንደ ዒዱ ፎቶ መሆኑ ነው። ነጭ ነገር ያስፈልጋታል። ዙሪያዋን ስትቃኝ ዓይኗ እትዬ ጀሚላ ትከሻ ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ሻርፕዎን ያውሱኝ?»

አንዷ ሚዜ ነጩን ሻርፕ ከሙሽራዋ ጎን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ዘረጋችው። ኢክላስ የፍላሹን አንገት ወደ ሻርፑ አዞረች። ብርሃኑ ከመስኮት የገባ መስሎ የሱሀይር ጉንጭ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም፤ ደጋግማ አየችው። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ሚዜዋ «እጄ ዛለ» ብላ ሻርፑን ወንበር ላይ ጥላ ወደ ጭፈራው ገባች።

ሱሀይር የራሷን መሸፈኛ አውልቃ ፀጉሯን መፍታት ስትጀምር ማሂራ ገባች። የሰፈር ልጅ ናትና ማንም አልከለከላትም። እትዬ ጀሚላ ቅርጫቱን ሲዘረጉላት ስልክ አስቀመጠች። ኢክላስ ስልኩን ከሩቅ ለየችው። ስክሪኑ የተሰነጠቀው፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በርቶ የማያውቀው ስልክ ነው። ሁለቱ አብረው ጠጋኝ ጋ ወስደውት «ይሄማ ሞቷል» ተብለው ተመልሰዋል። ደህናው ስልኳ ቅርጫቱ ውስጥ አልገባም። የማሂራ ቀኝ እጅም ከአባያዋ እጅጌ አልወጣም።

ኢክላስ ብትጮህ እትዬ ጀሚላ ማሂራን እዚያው ሰው ፊት ይፈትሿታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ ይወራል። ከድንኳኑ ውጭ እንግዳ የሚቀበሉት የሱሀይር ወንድሞችም ይሰማሉ፣ ሰሚር ጋ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሱሀይር የፈራችው ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ ያ ፀጉር ዛሬውኑ ቴሌግራም ላይ ነው።

ነጩን ሻርፕ ከወንበሩ አነሳች።

«ማሂራ! ነይ፣ ይሄን ያዢልኝ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። በሁለት እጅሽ፣ ከፍ አድርገሽ።»

ሴቶቹ ዞረው አዩ። ማሂራ እምቢ ማለት አልቻለችም። ቀረብ ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኢኩ፣ አንድ ብቻ ላንሳ» አለች በሹክሹክታ። «ሰሚር እውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ባዶ እጄን ከሄድኩ ምን እንደሚያደርገኝ አታውቂም።»

«ስልኩን ስጪኝ።»

«ኢኩዬ…»

«ስጪኝ።»

ስልኩ ከእጅጌው ወጥቶ በሻርፑ ተሸፍኖ ኢክላስ እጅ ገባ። የካሜራ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው። ማሂራ ሻርፑን ይዛ እጆቿን ወደ ላይ ስትዘረጋ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ። ክንዷ ላይ የጣት ምልክቶች ጠቁረው ይታያሉ፤ አንዳንዱ አሮጌ ነው፣ አንዳንዱ የትናንት ይመስላል። ኢክላስ ደረጃው ላይ የተጎተተውን የሹራብ እጅጌ አስታወሰች። ለካ ከብርድ አልነበረም! ሳምንቱን ሙሉ ከአጠገቧ ተቀምጣ በኩርፊያ ማሳለፏ አንጀቷን በላት።

ግን ሱሀይር ፀጉሯን ፈትታ እየጠበቀች ነው።

አነሳች። ፍላሹ አፏጨ፣ ቀይዋ መብራት በራች፣ ደግሞ አነሳች። ሱሀይር ሳቀች፣ ጨፈረች፣ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ከጎኗ ሻርፑን የያዘችው ማሂራም ታለቅሳለች፤ ሁለት እጇ ስለተያዘ እንባዋን መጥረግ አልቻለችም። ኢክላስ በካሜራው መስኮት ውስጥ አየቻት። ማሂራ ፎቶው ውስጥ እንዳትገባ ወደ ሙሽራዋ ጠጋ ብላ አነሳች።

ቦርሳው ውስጥ ስልኩ መንዘር ጀመረ። ዳሌዋ ላይ ይሰማታል። ቆመ። ደግሞ ጀመረ።

«እሱ ነው» አለች ማሂራ። ሻርፑ ዝቅ እያለ ነው።

«ዛሬ እኛ ቤት ነው የምታድሪው» አለች ኢክላስ ካሜራውን ከዓይኗ ሳታወርድ። «ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ። ሲያልቅ ከእኔ ጋር ነው የምትወጪው።»

«ከዚያስ? ነገስ?»

ኢክላስ የነገውን አላወቀችም። ስልኩ አሁንም ይነዝራል። ፍላሹ ቀጭን ፊሽካውን እያፏጨ ቆይቶ ቀይዋ መብራት በራች።

«ከፍ አድርጊው» አለች። «ትንሽ ወደ ግራ።»