አንድ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

«አባትሽ የት ነው?» አለች ሼሪል በእንግሊዝኛ፤ ከጀርባዋ የሹካና የማንኪያ ኳኳታ ይሰማል። «ሰማንያ ሰው ሾርባውን ጨርሶ ፍራንክሊንን እየጠበቀ ነው እኮ!»

አዜብ ስልኳን ከጆሮዋ አርቃ ሰዓቱን አየች። 1:20 ይላል። «ተኝቷል» አለች ግራ ገብቷት። «የሚመጣው ማታ አይደል እንዴ?»

«የዛሬው የምሳ ፕሮግራም ነው! በዋን ኦክሎክ ብዬ ሐሙስ ዕለት ጽፌለታለሁ። በቃ፣ ተይው፤ የፍራንክሊንን መነጽር ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል።» ስልኩ ተዘጋ። አዜብ ክው አለች።

ሼሪል ቅዳሜ ቅዳሜ ሜልቦርን ከተማ ሜድስቶን ሰፈር ውስጥ «የጥንቷ አሜሪካ እራት» የሚባል ዝግጅት ያላት ሴትዮ ናት። ዋሽንግተንን፣ ባለመነጽሩን የመብረቅ ተመራማሪ ፍራንክሊንንና ሌሎች የዚያ ዘመን ሰዎችን የሚጫወቱ ተዋንያን ነጭ ዊግ አጥልቀው በየጠረጴዛው እየዞሩ ተመጋቢውን ያጫውታሉ። የአዜብ አባት ወልደአማኑኤል ስምንት ወር ሙሉ እዚያ የሠራው ሥራ ከዋሽንግተን ወንበር ጀርባ ሻማ ይዞ መቆም ነበር። አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችውም። «አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ንጉሥ ሆኜ ተውኛለሁ» ይላል ሲቀልድ፤ «ሜልቦርን ግን መቅረዝ አደረገችኝ።» ከሰዉ ሁሉ መካከል ለምን እሱ ሻማ እንደሚይዝ አዜብ ጠይቃው አታውቅም፤ መልሱ አይጠፋትም።

ፍራንክሊንን ይጫወት የነበረው ሰውዬ ከተማ ሲለቅ ግን ሼሪል ቦታውን ለእሱ ሰጠችው። ወልደአማኑኤል ሌሊቱን በአረጋውያን መኖሪያ ሲሠራ ያድርና ጠዋት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የፍራንክሊንን ቃለ ተውኔት ያጠናል። እንዲህ ሲል ሦስት ሳምንት ከረመ። ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ጥፋቱ የአዜብ ነው። ሐሙስ ዕለት ከሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈር ሲመለሱ አባቷ እየነዳ «እስኪ ሼሪል ምን አለች? አንብቢልኝ» አላት። እሷ ደግሞ ከጓደኛዋ ከሲፋን ጋር በቴክስት ወሬ ይዛለች። መልእክቱን በአንድ ዓይኗ ገረፍ አድርጋ «ቅዳሜ አንድ ሰዓት ትላለች» አለችው። ለእሷ አንድ ሰዓት ማለት ምሳ ሰዓት ነው። ለአባቷ ግን ሁልጊዜ ዊጉን የሚያጠልቅበት የምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። «እንደወትሮው ነዋ!» ብሎ መንዳቱን ቀጠለ፤ እሷም ሐሳቧ ወሬው ላይ ስለነበር እንደወትሮው የማታ መሰላት። አምና የእናቷ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ያለፈው በዚሁ ጣጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስትናገር «የቀን» ወይም «የማታ» እንድትል ቃል አስገብተዋታል።

ሲፋን ጋ ደወለች።

«አታካብጂ ባክሽ» አለቻት ሲፋን። «ቴክስቱን ዲሊት አድርጊው። እሱ አልደረሰኝም ይላል፣ ሴትዮዋ ሳትልክ ቀርታ ነው ይባላል፤ አለቀ!»

የአባቷ ስልክ ኩሽና ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ቻርጅ ላይ ነበር። ሰባት ጊዜ ተደውሎለታል። አዜብ መልእክቱን ከፈተችና ጣቷን እላዩ ላይ ይዛ ቆየች። ማጥፋት አቃታት፤ ገብቶ መቀስቀስም አቃታት። ለሰኞ የምታጠናው የሒሳብ ፈተና ነበራት፤ ደብተሩን ገልጣ አንድ መስመር ሳታነብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። እንዲህ ደክሟት አያውቅም።

አባቷ ዓይኑ እንደቀላ ከመኝታ ክፍል ወጣ። ከቁምጣው በታች የፍራንክሊንን ረጅም ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበቱ ስቦታል።

«አዚዬ፣ ነይ እስኪ እንግዳ ሁኚልኝ።»

ለልምምድ ሁሌ እንደምታደርገው ወንበር ስባ ተቀመጠች። አባቷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ክቡራትና ክቡራን! መብረቅ ያልፈራሁ ሰው የሼሪልን ሾርባ እፈራለሁን?» አለ በእንግሊዝኛ። አራት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው ድምፅ አይመስልም፤ ቤቱን ሞላው። አዜብ ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት።

«ምነው? ይሄን ያህል መጥፎ ነው?»

«አይደለም። በጣም ያምራል።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባዬ፣ ፕሮግራሙ አልፏል። የቀን ነበር፤ የቀን ብዬ አልነገርኩህም። ሼሪል ደውላ ነበር። መነጽሩን ለሌላ ሰው ሰጡት።»

አልጮኸም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። ሶፋው ላይ ቁጭ አለና ካልሲውን ቀስ እያለ ወደ ታች ይጠቀልል ጀመር።

«እንግዲህ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አለ በመጨረሻ። «ስልኬን አቀብይኝ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት።»

«እንደዚያ ካልካትማ ሻማውንም ትወስድብሃለች!»

«ታዲያ ምን ልበላት? ልጄ ናት ያሳሳተችኝ ልበል?» ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። በጭራሽ የማያደርገውን ነገር እንደሚናገር ሰው ነበር ያለው፤ አዜብን ከሁሉ በላይ ያመማት ይሄ ነው።

ስልኩን አመጣችው። እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። ራሷ ደወለችና ስፒከር ላይ አድርጋ መካከላቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ወልዴ?» አለች ሼሪል በተሰላቸ ድምፅ።

«አይደለም፣ ልጁ ነኝ» አለች አዜብ በእንግሊዝኛ። አባቷ እንድትተወው በእጁ ምልክት ሰጣት። አየችው፤ ግን ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «አባቴ አላጠፋም። ሰዓቱን የነገርኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አድምጪኝና ላስረዳሽ።»