ቀድሞ የተቆረሰው ኬክ

ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

የወንድሜን ልጅ ሉሺየስን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያረጀሁት በትልቁ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ነው። እሱም እዚያው በሽተኛ በአልጋ እየገፋ ያመላልስ ነበር፤ ማታ ማታ ግን የላቦራቶሪ ሙያ ተምሮ ጨረሰ።

ኔድራን ያገኛት ሊፍት ውስጥ ነው። የላቦራቶሪ ጸሐፊ ናት። ዓይኑን ከሷ መንቀል ቢያቅተው አልጋው ላይ የተኙት ሽማግሌ፣ «ልጅቷን ስታይ ከግድግዳ ጋር እንዳታላትመኝ!» ብለው ጮኹ። እሷ ሳቀች። እሱ የሚወርድበት ፎቅ አለፈው።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ውስጥ ከኔድራ በቀር ወሬ ጠፋ።

አንድ ቀን በሷ ላቦራቶሪ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ። «አመልክት ሉሺ፤ ለኔ ስትል» አለችው። የሟች ባሌን ግራጫ ሱፍ አሳጥሬ፣ ተኩሼ አለበስኩት።

ሦስት ዶክተሮች ጠየቁት፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ፈገግ እያሉ። ጨርሶ ሲወጣ የሻይ ክፍሉ በር ክፍት ነው። ሰው ኬክ ከቧል። ኬኩ ላይ በሰማያዊ ክሬም «እንኳን ደስ ያለህ ግራንት!» ይላል። ግራንት እዚያው በጊዜያዊነት ሲሠራ የቆየ ልጅ ነው።

ቢላዋውን የያዘችው ኔድራ ነበረች።

የዚያ መሥሪያ ቤት ደንብ እንዲህ ነው። ሥራው ለማን እንደሚሰጥ ካለቀ በኋላ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሌላ ሰው ካልተጠየቀ ግን አይጸድቅም። የኔ ልጅ የተጠራው ለማሟያ ነው! ምን ዓይነት ነውር ነው?

ማምሻውን ኔድራ ደጃፌ ድረስ መጣች። መንገዱን ዘግቼ ቆምኩ።

«ምን ልትሆኚ መጣሽ? የተረፈ ኬክ ይዘሽልን ነው?»

«እማማ ኦርሊን፣ ዶክተሮቹ ካዩት ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብዬ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

መሬት መሬት አየች። «አውቅ ነበር።»

ሉሺየስ ከኋላዬ መጣ። «ብትነግሪኝም እሄድልሽ ነበር» አላት። «ግን አውቄ ነበር የምሄደው።»

በሩን ዘጋው። እህል አልቀምስ አለ።

ሰነበተና ከልብስ ማጠቢያው ሴቶች ወሬ ደረሰኝ። ኔድራ ኃላፊዋን በሰው ፊት፣ «ላለቀ ቦታ ሰው አልጠራም! ሰው መቀለጃ አይደለም!» ብላው ሥራዋን ጥላ ወጥታለች። ለሉሺየስ ትንፍሽ አላለችም።

መንገር አልፈለግሁም። ነገርኩት።

«ሂድ ፈልጋት» አልኩት። «ኩራትህን ከኔ ነው የወረስከው። እኔ ከኩራቴ ጋር ብቻዬን ነው ራት የምበላው።»

ኮቱን እንኳ ሳይደርብ ወጣ።

ሲጋቡ ያንኑ ግራጫ ሱፍ ለበሰ። ፓስተሩ «ታገባታለህ ወይ?» ሲሉት ወደ ኔድራ ዞረ። ቤተ ክርስቲያኑ ትንፋሹን ዋጠ። እሱ ግን፣

«ኔድራ፣ ይሄስ ቦታ ተይዟል?»

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «ማስታወቂያም አላወጣሁ፤ ካንተ ሌላም አልጠራሁ።»

እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ኬክ የሚባል ነገር ግን ሰርጉ ላይ አልቀረበም። የከለከልኩት እኔ ነኝ።