የአቡኪዋ እጆች

«እታለም፣ ልቀቂው! ነዳጁን ልቀቂው እኮ ነው የምልሽ!»

አጎትየው ከስኩተሯ ኋላ እየሮጠ ይጮኻል። እታለም ግን ምንም አልለቀቀችም። ስኩተሯ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደችና አቧራውን አቡንና ከጎሉ ቋሚ አጠገብ በጎኗ ተጋደመች። አጥሩ ላይ የተቀመጡት ልጃገረዶች ሳቃቸውን ለቀቁት።

ከመሃላቸው አንዷ ሚጡ ናት። የወደቀችው ሴት ደግሞ የሚጡ እናት ናት፤ መንዳት የሚያስተምራት የሚጡ አጎት ነው። ይህን ግን ከአጥሩ ላይ ከሚጡ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ማናት ይቺ ሴትዮ? በዚህ ዕድሜዋ!» አለች ቀጮ። ቀጮ በክፍላቸው ረጅሟ ልጅ ናት። እሷ የሳቀችበት ነገር ሁሉንም ያስቃል፤ እሷ ያልጠራችው ሰው ብቻውን ይውላል። ሚጡን መጥራት የጀመረችው ገና በዚህ ሳምንት ነው።

«ጎረቤታችን ናት» አለች ሚጡ።

እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ቀጮ ደግሞ ፈገግ ብላ እያየቻት ነበር። «ዳቦ ቤት አቡኪ ናት። እጇ ሊጥ ለምዶ፣ ከደነገጠች የያዘችውን ጨምድዳ ወደ ራሷ ነው የምትጠመዝዘው። ፍሬን የያዘች ይመስላታል፤ ለካ ነዳጅ እየሰጠች ነው!»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሚጡ በሕይወቷ ሰው እንደዚያ አስቃ አታውቅም። ደስ አላት፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ በጣም ደስ አላት።

«ቆይ እንሞክራታ!» ቀጮ እናትየዋ ተነስታ ሞተሩን እስክታስነሳ ጠበቀች። ከዚያ አፏን በመዳፎቿ ከልላ «መኪናናና!» ብላ አምባረቀች። ስኩተሯ ተስፈነጠረች፤ እናት በደረቷ መሬት ላይ ተዘረረች። ቀና ስትል ዓይኗ አጥሩ ላይ አረፈ። ልጇን ከነሳቋ አገኘቻት። ወዲያው ዓይኗን መለሰችና የሱሪዋን አቧራ ማራገፍ ያዘች።

ቤት ሲገቡ እናት የተላጠ ክርኗን በጨው ውሃ እያጠበች ጠየቀቻት።

«እኔን ማን ናት አልሻቸው?»

ሚጡ የውሃውን ሳህን አስጠግታ ያዘችላት።

«ጠይቄሻለሁ እኮ።»

«ጎረቤት።»

እናት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ይሁን። የዳቦ ቤቱ ባለቤት የማቡኪያ ማሽን ካስገባ ወዲህ ለእኔ የቀረኝ ሥራ በስኩተር ዳቦ ለሱቆች ማድረስ ብቻ ነው። ነገ ሜዳው ድረስ መጥቶ ሊያየኝ ነው፤ ካልቻልኩ ያሰናብተኛል። እናቴ ናት ማለቱ ከከበደሽ ተይው። ብቻ እንዳይጮሁብኝ አድርጊ።»

በማግስቱ ቀጮና ጓደኞቿ ትርዒት የሚያዩ ይመስል ቀድመው አጥሩን ሞልተውታል።

«ዛሬ እንኳ እንተዋት» አለች ሚጡ ቀስ ብላ።

«ለምን? ምንሽ ናት?»

ጊዜው አሁን ነበር። ሚጡ አጎንብሳ ጫማዋን አየች። «ምንም። እንዲሁ ነው።»

የዳቦ ቤቱ ባለቤት እጁን አጣምሮ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። እናት ጀመረች። እስከ ወዲያኛው ጎል በደንብ ሄደች፤ አሳምራ ዞረች፤ አጎትየው አጨበጨበ። በአጥሩ በኩል ስትመለስ ቀጮ ጮኸች። ስኩተሯ ነጠረችና ከጎሉ ቋሚ ጋር ተላተመች።

«በቃ፣ በቃ! ይቺ ዳቦ ጭና ብትወጣ አገር ትፈጃለች» አለ ባለቤቱ የመኪናውን በር እየከፈተ። «ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

አጎትየው ለመነ። እናት አልለመነችም፤ ከከንፈሯ ደሙን እየጠረገች ቆመች። ሚጡ ከአጥሩ ዘለለች። ወደ መኪናው ሮጠች።

«ጋሼ! ጥፋቱ የኔ ነው። ስትደነግጥ እጇ እንደሚጨመድድ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አውቀው ነው የሚጮሁባት። እናቴ ናት!»

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያት። «መንገድ ላይም እኮ ጥሩምባ ይነፋል፤ ውሻም ይጮኻል። እየዞርሽ ሁሉንም ዝም ልታሰኚልኝ ነው?»

ሚጡ የመኪናውን በር ይዛ አልለቅም አለች። ባለቤቱ ሰዓቱን አየ። «አንድ ዙር። ከዚያ ወዲያ እንዳታደርቁኝ።»

«የእጄን ነገር አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?» አለች እናት።

«አዎ፣ እማዬ።»

ሚጡ ስኩተሯን ለማንሳት ጎንበስ አለች። እናት እጇን ገፋችው። «ተያት። ብቻዬን አነሳታለሁ።»

ያ ግፊያ ከጥፊ በላይ አመማት። ወደ አጥሩ ተመለሰች፤ ግን አልወጣችም። ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ከቀጮ ፊት ለፊት ቆመች።

«እናቷን የካደች!» አለች ቀጮ። ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። «ከነገ ጀምሮ አጠገባችን ድርሽ እንዳትዪ!»

«እሺ» አለች ሚጡ። «አሁን ግን ከጮኽሽ እግርሽን ጎትቼ አወርድሻለሁ።»

ከኋላዋ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ራቀ፤ ዞረ፤ ወደ አጥሩ እየቀረበ መጣ። ሚጡ ማየት ፈለገች፤ አንገቷ ሊዞር ደረሰ። አልዞረችም። የቀጮን ቁርጭምጭሚት ይዛ፣ ዓይኗን ከአፏ ላይ ሳትነቅል ቆመች። ቀጮ አልጮኸችም፤ የሞተሩ ድምፅ ሳይደናቀፍ ከሚጡ ኋላ አለፈ።