የትኛው ህዋስ?

«የታመመው ህዋስ ነው» አለችው ሔርሜላ። ከዚህ በላይ እንዳትናገር እናቷ ከልክላታለች።

አባቷ ገብረ ሥላሴ ሳቀ፤ ሳቁ ግን በሳል ተቋረጠ። ቦንጋ ግብርና ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ይሠራል፤ በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ህዋስ ጸሐፊ ነው።

«የእኛ ህዋስ? እሱማ ከታመመ ሰነበተ። ስብሰባ የሚመጣ ጠፍቶ ይኸው ሦስት ሳምንታችን።»

ሔርሜላን መሳቅም መጮኽም አሰኛት። ስለ ሰውነት ስታወራው ስለ ስብሰባ የሚመልስላት አባት ይስጣት! ግን በእሱ ምን ትፈርዳለች? ከጅማ የመጣውን የሐኪም ወረቀት ከእሱ የደበቀችው እናቷ ዘነበች ናት። ለእሱ «ብርድ ነው» አለችው። እንግሊዝኛውን ለሔርሜላ አስነበበችና አፏን አስያዘቻት። የበሽታውን ስም እንኳ አትጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው። በሽታው ሳይገድለው ወሬው ይገድለዋል ብላ ፈርታለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በሽታው ከራሱ የተደበቀበት ሰውስ?

አርብ ዕለት ሔርሜላ የባዮሎጂ አስተማሪዋን ቲቸር ዮሴፍን ጠይቃው ነበር። በጤነኛ የአየር ቧንቧ ውስጥ ጎረቤት ህዋሶች በጠባብ ቀዳዳ መልእክት ይቀባበላሉ አላት፤ «ቦታው ሞልቷል፣ አትባዛ» ይባባላሉ። ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ህዋሱም ጎረቤቱን መስማት ይተዋል። ሲብስበት ደግሞ የራሱን መልእክት ይልካል። ጎረቤቶቹን አታሎ ደም ያስመጣል፤ የሰውነትን ጠባቂዎች ዝም ያሰኛል።

«ቶሎ ከተደረሰበት ሕክምና አለው» አለ ቲቸር ዮሴፍ፣ የማን ነገር እንደሆነ ሳይጠይቅ።

የጅማው ቀጠሮ ሰኞ ነው። አባቷ ግን ሰኞ ዋጫ ከተማ ሥልጠና አለብኝ ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ለብርድ ብሎ ጅማ ድረስ ማን ይንገላታል? ዘነበች ለመነችው፣ ቀጥላም አኮረፈችው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረችውም። ሔርሜላ በሁለቱም ተናደደች። ከሁሉም በላይ የተናደደችው ግን አውቃ ዝም ባለችው በራሷ ነው።

«አባዬ፣ የፓርቲውን ህዋስ ማለቴ አይደለም» አለችው። «አንተ ሳንባ ውስጥ ያለውን ነው።»

ገብረ ሥላሴ ትክ ብሎ አያት። «እናትሽ ብርድ ነው ብላኛለች እኮ።»

ዘነበች ድምፃቸውን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ለሔርሜላ ራሷን ነቀነቀችላት፤ ተይ ማለቷ ነው። ሔርሜላ አየቻት። እናቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ቢሆንም ወረቀቱን ከደብተሯ መሃል አወጣችና ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«ከላይ ጀምሬ በአማርኛ ላንብብልህ» አለችው። «ያልገባህ ቦታ ላይ አስቁመኝ።»