የሰባተኛው መስመር ፓስ

ኢርማ አራት ሰዓት ብላለች። ፖስታው ሦስተኛው መጸዳጃ ቤት፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ይሆናል።

ኖኤሚ በሚል ስም አራት ወር እጅጌ ሰፍታለች። በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምትታወቀው ግን «መርፌ» ተብላ ነው። ይህ የቾሎማ ከተማ ልብስ ፋብሪካ «የደም ማነስ ምርመራ» እያለ የሴቶቹን ሽንት ይቀበላል። ያረገዘችውን ያባርራል። አቤት ያለችውን ደግሞ የትም እንዳትቀጠር ስሟን ለሌሎቹ ፋብሪካዎች ያቀብላል። ዝርዝሩ ያለው በነርሷ በኢርማ ደብተር ውስጥ ነው፤ ኢርማም ገልብጬ በፖስታ አወጣልሻለሁ ብላ ቃል ገብታላታለች።

ኖኤሚ በመስኮቱ አየች። ዛሬ ሳን ፔድሮ ከተማ ይውላል ብላ ኢርማ የነገረቻት የአስተዳደሩ ኃላፊ፣ የዶን ማርሎን መኪና ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ተሸጣለች።

እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል አነሳች። አጠገቧ ዴልሚ ኮሌታ ትሰፋለች። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ዓርብ የምርመራ ተራዋ ይደርሳል።

«ዴልሚ፣ ፓሱን ያዢ» ብላ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት።

በሰባተኛው መስመር ለሚሰፉት ሰባ ሴቶች ያለው አንድ የመጸዳጃ ቤት የእንጨት ፓስ ነው። እሱን አንገቷ ላይ ያላንጠለጠለች ከወንበሯ አትነሳም።

«ምነው፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ፊኛዬ ሊፈነዳ ነው ያልሽው?»

«እኔን ሊይዙ ሲመጡ ክሊኒኩ ባዶ ይሆናል። መሳቢያው ውስጥ የኢርማ ሰማያዊ ደብተር አለ። ሆድሽ ላይ እሰሪው፣ ምሳ ሰዓት በር ላይ ላለችው የባሌያዳ ቂጣ ሻጭ ስጪያት።»

የዴልሚ ሳቅ ጠፋ። «አንቺ ማነሽ?»

«የልጅሽ ክርስትና እናት ነኛ! ራስሽ አይደለሽ የለመንሽኝ? ሂጂ!»

ከዚያ ራሷ ያለ ፓስ ተነሳች።

«አንቺ! ወዴት ነው?» ጮኸች የመስመር አለቃዋ። ዓይን ሁሉ ኖኤሚ ላይ ተተከለ። የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

ሦስተኛው መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ፖስታው ቦታው ላይ ነው። ውስጡ ባዶ ወረቀት።

በሩ ተበረገደ። ዶን ማርሎን፣ ሁለት ዘበኞች፣ ከኋላቸው ኢርማ። ክሊኒክ የቀረ ሰው የለም።

«እመቤት መርማሪ፣ እጅጌ መስፋቱ አልሰለቸሽም?» አለ ዶን ማርሎን።

«ኢርማ፣ ለምን?»

«ልጄን ቀጠሩልኛ» አለች ኢርማ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

 ኖኤሚ ዴልሚ ደብተሩን እስክትወስድ ልታቆያቸው ይገባ ነበር። ተከራከረች፣ ቦርሳዬን አለች፣ ጫማዬን አለች። ፎቶ አንስተው ከግቢ ወረወሯት።

ምሳ ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ሆና አየች። ዴልሚ ባሌያዳዋን ተቀበለች። ሻጯ ሽርጧን ፈታች፤ የተስማሙበት ምልክት ነው።

ደርሷል።

ደብተሩ መጥፋቱ ሲታወቅ ጥፋቱ ያለ ፓስ በተነሳችው ላይ ወደቀ፤ ዴልሚን የጠረጠረ አልነበረም። በወሩ የሽንት ምርመራው ታገደ፣ የተባረሩት አሥራ አንድ ሴቶችም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የኖኤሚ ፎቶ ግን በየፋብሪካው በር ተለጠፈ። ከእንግዲህ ቾሎማ ብትታይ መዘዙ ለወዳጇም ይተርፋል።

ሰባት ወር አለፈ። ከቾሎማ ርቃ በምትገኘው ዳንሊ ከተማ፣ የሲጋራ ፋብሪካ በር ላይ፣ ፀጉሯን ያሳጠረች አንዲት ሴት ተሰልፋለች። አሮጌ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዴልሚ የላከችውን የድምፅ መልእክት ትሰማለች።

«አንቺ የጠፋሽ! ክርስትናው እሁድ ነው። ሴት ናት። ነጩን ቀሚስ ራሴ ሰፋሁት፣ እጅጌውን ግን ላንቺ ትቼዋለሁ። ቅዳሜ መጥተሽ ትሰፊዋለሽ፣ እሺ?»

ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችው። 

«ቀጣይ! ስም?»

«ብላንካ።»

«ከልብስ ፋብሪካ ነው የመጣሽው? መስፋት ትችያለሽ?»

«አልችልም» አለች።